ዲያጎናሉ እኩል ሆኖ ቤቱ ለምን ይጣመማል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ልሠራ ቦታውን አስጠርጌ ችካል አስተክያለሁ። ፕላኑ ላይ ቤቱ 12 በ9 ሜትር ነው። ፎርማኑ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ሲለካ ሁለቱም 14 ሜትር ከ92 ሆኑ። ‹እትዬ፣ ዲያጎናሉ እኩል ከመጣ ስኳድራው ልክ ነው፣ ጥጎቹ 90 ዲግሪ ናቸው፤ ሰኞ ቁፋሮ እንጀምር› አለኝ። 8ኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ግን ‹እማ፣ ዲያጎናላቸው እኩል ሆኖ ሬክታንግል ያልሆኑ ቅርጾችም አሉ› ብላ አስቆመችኝ። ማታ ሁለታችን ወጥተን አራቱንም ጎን ለካን። ፊቱ 12፣ ግራና ቀኙ 9 እና 9፣ የኋላው ግን 11 ሜትር ከ80 ሆነ። ማንን ልመን? ሌላም ጥያቄ አለኝ። እህቴ ልትገዛው ያሰበችው አሮጌ ቤት ያለበት ግቢ አራቱም ጎኑ የተለያየ ነው፤ ከፊት ጀምሮ በዙሪያው 15፣ 20፣ 13 እና 18 ሜትር። ደላላው ፊትና ኋላውን ደምሮ ለሁለት አካፈለ፣ ግራና ቀኙንም እንዲሁ፣ ከዚያ አባዝቶ 266 ካሬ ነው አለ። ሒሳቡ ያስኬዳል?»

መልስ፦ እህታችን፣ የሰኞው ቁፋሮ አንድ ቀን ይቆይ። ልጅዎ ልክ ናት። የፎርማኑም ልማድ የሚናቅ አይደለም፤ ግንበኛ ሁሉ የሚሠራበት፣ ከጀርባው እውነተኛ ጂኦሜትሪ ያለው ልማድ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ነው። «ሁለቱ ዲያጎናሎች እኩል ናቸው ወይ?» ብሎ ጠየቀ እንጂ «ስንት መሆን ነበረባቸው?» አላለም። የ12 በ9 ቤት ዲያጎናል 15 ሜትር ከ00 ነው። የጠፋችውን 8 ሴንቲ ሜትር እርስዎና ልጅዎ ማታ የኋላው መስመር ላይ አገኛችኋት።

15 ከየት መጣ ቢሉ፣ 12 በ12 ሲባዛ 144፣ 9 በ9 ሲባዛ 81፤ ሲደመሩ 225። የ225 ስኩዌር ሩት 15 ነው። የስልክዎ ካልኩሌተር ጎን ለጎን ሲያዞሩት የስኩዌር ሩት ምልክቷን ያወጣል። ቁጥሩ እንደ እርስዎ ቤት ባይገጥምም መንገዱ ያው ነው። ለምሳሌ 11.80 በ8.40 ለሆነ ቤት 139.24 ሲደመር 70.56 ይሆናል 209.80፤ ሩቱ 14.48 ሜትር። ይህ ቁጥር ችካል ከመመታቱ በፊት ፕላኑ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎ መገኘት አለበት። ሳይት ላይ የሚለካው ከዚያ ቁጥር ጋር ነው የሚነጻጸረው፤ ሁለቱን ልኬቶች እርስ በርስ ማነጻጸር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አሁን ችካሎችዎ የቆሙበት ቅርጽ ትራፒዚየም ይባላል። የፊቱና የኋላው መስመር ትይዩ ናቸው፤ ግራና ቀኙ ግን ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር እያንዳንዳቸው 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይጠባሉ። ሁለቱም የተዘነበሉት በእኩል መጠን ስለሆነ አንዱ ዲያጎናል ባጠረ ልክ ሌላውም ያጥራል፤ በመጨረሻ እኩል ሆነው ይመጣሉ። በቁጥር ማየት ይቻላል። ግራና ቀኙ እኩል በሆነ ትራፒዚየም የዲያጎናሉ ካሬ (በራሱ ሲባዛ የሚገኘው) የጎኑ ካሬና የሁለቱ ትይዩ መስመሮች ብዜት ድምር ነው። በእርስዎ ቤት 81 ሲደመር 12 በ11.80፣ ማለትም 81 ሲደመር 141.60፣ 222.60 ይሆናል። ሩቱ 14.92። የፎርማኑ ቁጥር በትክክል ይኸው ነው። እጁም ሜትሩም አልተሳሳቱም፤ የለካው ሌላ ቅርጽ ነበር።

ጥመቱ ለዓይን አይታይም። የፊቱ ሁለት ጥጎች 89.4 ዲግሪ ገደማ፣ የኋላዎቹ 90.6 ገደማ ናቸው፤ የአናጺ ትንሽ ስኳድራ ጥጉ ላይ ቢያስደግፉ ምንም የጎደለ አይመስልም። የሚታየው በኋላ፣ ሴራሚክ ሲነጠፍ ነው። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል ውስጥ ያ የጥግ ጥመት 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ባለ 40 ሴንቲ ሜትር ሴራሚክ በቀጥታ ሲሄድ፣ ግድግዳው ሥር ያለው የመጨረሻ ረድፍ በአንዱ ጫፍ ሙሉውን ይገባል፤ ወደ ሌላው ጫፍ ሲሄድ እያንዳንዱ ከፊተኛው ትንሽ እያነሰ እንደ ሽብልቅ እየተቆረጠ መግባት አለበት። ቁም ሣጥንና የወጥ ቤት ካቢኔም በአንድ በኩል ግድግዳውን ይነካል፣ በሌላው በኩል ክፍተት ይተዋል። ጣሪያ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ቆርቆሮው ከፊት በኩል ከግድግዳው እኩል የወጣው ከኋላ በኩል በ10 ሴንቲ ሜትር ተርፎ ይወጣል። ይህን ሁሉ ዛሬ ሁለት ምስማር በማንቀሳቀስ ማዳን ይቻላል።

ትራፒዚየሙን ያለ ምንም ሒሳብ የሚያጋልጥ ፈተና አለ። በሁለቱ ዲያጎናሎች ላይ ሲባጎ ይወጥሩ። ከዚያ የእያንዳንዱን ሲባጎ እኩሌታ ፈልገው በቀለም ወይም በትንሽ ቋጠሮ ምልክት ያድርጉ፤ በእርስዎ ችካሎች እኩሌታው 7.46 ላይ ነው። ቅርጹ እውነተኛ ሬክታንግል ከሆነ ሁለቱ ምልክቶች መሻገሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ይወድቃሉ። የእርስዎ ሲባጎዎች ግን የሚሻገሩት ከፊት ጥግ 7.52፣ ከኋላ ጥግ 7.40 ላይ ነው። ሁለቱ ምልክቶች ከመሻገሪያው 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ቀርተው፣ ጎን ለጎን ተለያይተው ይታያሉ። ለፎርማኑ ይህን ያሳዩት፤ ከብዙ ክርክር ይሻላል።

ፈተናው የሚሠራበት ምክንያት ልጅዎ የምትማረው ነው። ሁለት ዲያጎናሎች እኩሌታቸው ላይ ከተቋረጡ ቅርጹ ፓራሌሎግራም ነው፤ ማለትም ተቃራኒ ጎኖቹ ትይዩና እኩል ናቸው። ፓራሌሎግራም ሆኖ ዲያጎናሎቹ እኩል ከሆኑ ደግሞ ሬክታንግል ከመሆን በቀር ሌላ ዕድል የለውም። ፎርማኑ ሁለተኛውን ግማሽ ያውቃል፤ የመጀመሪያው እንደተሟላ ቆጥሮ አልፎታል። ተቃራኒ ጎኖች እኩል መሆናቸው ቀድሞ ከተረጋገጠ የሱ ሕግ እንከን የለውም። «ጎኖቹ ተቃራኒ ለተቃራኒ እኩል ናቸው፣ ዲያጎናሎቹም እኩል ናቸው» መባል አለበት፤ ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ሌላው ብቻውን አይበቃም።

የተገላቢጦሹም ስህተት በየሳይቱ ስለሚያጋጥም እሱንም ይወቁት። አራቱም ጎን ልክ ሆኖ (12፣ 9፣ 12፣ 9) ዲያጎናሎቹ አንዱ 15.10፣ ሌላው 14.90 ሊመጡ ይችላሉ። ያን ጊዜ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ ጎን የተገፋ ፓራሌሎግራም ሆኗል። ብዙ ሰው «ልዩነቱ 20 ነው፣ ግማሹን 10 ግፋ» ይላል። ይህ አያደርስም። የኋላዎቹ ሁለት ችካሎች አብረው መገፋት ያለባቸው የልዩነቱና የዲያጎናሉ ብዜት ለፊቱ ርዝመት እጥፍ ሲካፈል በሚገኘው ቁጥር ነው። 0.20 በ15 ሲባዛ 3፤ ለ24 ሲካፈል 0.125፣ ማለትም 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል። ሁለቱንም የኋላ ችካሎች በኋላው መስመር ላይ፣ ረጅሙ ዲያጎናል ወደሚያጥርበት አቅጣጫ ያንሸራትቷቸው። አንዱን ብቻ ካነሱ የኋላው ጎን ርዝመት ይበላሻል፤ ዲያጎናሎቹን እኩል ለማድረግ እየተጣደፉ አንድ ችካል ብቻ ማንሳት እንደ እርስዎ ያለውን ቅርጽ ከሚፈጥሩት ነገሮች አንዱ ነው።

እንግዲህ ወደ ማስተካከሉ እንግባ። አራት ጥግ ባለው ቦታ ላይ ስድስት ርቀት አለ፤ አራት ጎንና ሁለት ዲያጎናል። አምስቱ ቅርጹን ይወስኑታል፣ ስድስተኛው ይመሰክርበታል። ስለዚህ አምስቱን እየተከሉ ስድስተኛውን ለመጨረሻ ያስቀሩት።

የፊቱን ሁለት ችካሎች አይነኩም፤ ከአጥሩ ያላቸው ርቀትና አቅጣጫ በፕላኑ መሠረት መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ። በመካከላቸው ምስማር ከምስማር 12.00 መሆኑን እንደገና ይለኩ። ከዚያ ሁለት የመለኪያ ሜትርና ሦስት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ የሜትሩን ዜሮ በፊት ግራው ምስማር ላይ ይይዛል፣ ሌላው የሁለተኛውን ሜትር ዜሮ በፊት ቀኙ ምስማር ላይ። ሦስተኛው ሰው ሁለቱን ሜትሮች ወደ ኋላ ይዞ ይሄድና የግራው 9.00፣ የቀኙ 15.00 የሚገናኙበትን ነጥብ ይፈልጋል። ያ የኋላ ግራ ጥግ ነው። ችካሉን እዚያ ይምቱ፣ እንደገና ለክተው አናቱ ላይ ምስማሩን ይትከሉ። አሁን ያዟዙሩት፤ ከፊት ቀኙ 9.00፣ ከፊት ግራው 15.00። የኋላ ቀኙ ተገኘ። እስካሁን የኋላውን ጎን ማንም አልነካውም። አሁን ይለኩት። 12.00 ወይም ከዚያ በ5 ሚሊ ሜትር የራቀ ከሆነ ቁፋሮው ይጀመር። ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከራቀ ከአምስቱ አንዱ በስህተት ተይዟልና የኋላውን ችካል እየነቀነቁ አያስተካክሉ፤ ከፊቱ መስመር እንደገና ይነሱ።

በዚህ መንገድ የኋላ ችካሎችዎ እያንዳንዳቸው ወደ ውጭ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። ወደ ጎረቤት አጥር የሚጠጉት በዚያው መጠን ስለሆነ ፕላኑ ላይ የተፈቀደው ርቀት መጠበቁን በዚያው ቀን ይመልከቱ።

አሁን ልኬቱን የሚያበላሹትን እንንገርዎ፤ ሐሳቡ ሲገባ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። የመጀመሪያው የረገበ ሜትር ነው። በ15 ሜትር ርዝመት ላይ ሜትሩ መሐሉ በ20 ሴንቲ ሜትር ቢረግብ ቁጥሩ 7 ሚሊ ሜትር ይጨምራል፤ በ30 ሴንቲ ሜትር ቢረግብ 16 ሚሊ ሜትር። አንዱን ዲያጎናል ወጥሮ ሌላውን አርግቦ የሚለካ ሰው ልክ የሆነውን ቅርጽ ጠማማ ያደርገዋል። ሁለቱንም ያው ሰው፣ በያው ሜትር፣ በያው ጉልበት ይወጥር። የጨርቅ ወይም የፋይበር ሜትር ሲጎተት ስለሚለጠጥ ለዚህ ሥራ የብረቱ ይሻላል።

ሁለተኛው ተዳፋት ነው። ፕላኑ ላይ ያለው 15 ሜትር አግድም ርቀት ነው። አንዱ ጥግ ከተቃራኒው በ1 ሜትር ከፍ ካለ፣ መሬቱን ተከትሎ የሚለካው 15.03 ይመጣል፤ የሌላው ዲያጎናል ተዳፋት ደግሞ የተለየ ስለሚሆን ያለ ጥፋቱ ልዩነት ይታያል። መድኃኒቱ ዝቅ ባለው ጥግ ረዘም ያለ ችካል መትከልና የአራቱን አናት በአንድ ከፍታ ማድረግ ነው። ውስጡ የሚታይ ቀጭን የፕላስቲክ ጎማ ውሃ ሞልተው ከጥግ ወደ ጥግ ቢወስዱት ከፍታውን በትክክል ይሰጣል። ጎማው ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ግን ይዋሻል፤ ሁለቱን ጫፍ አጠጋግተው ውሃው እኩል መቆሙን አይተው ይጀምሩ።

ቀሪዎቹ ጥቃቅን ናቸው፣ ግን ይደመራሉ። ከችካሉ ጎን ሳይሆን አናቱ ላይ ካለው ምስማር መሐል ይለኩ። ጫፉ የተቀደደ ወይም መንጠቆው የላላ ሜትር ከሆነ ከዜሮ ሳይሆን ከ1 ሜትር ጀምረው ይለኩና አንዱን ሜትር ይቀንሱ። መቀነሱን የሚረሳ ሰው ስለማይጠፋ ሁለት ሰው ያንብበው።

ፎርማኖች ጥግ ሲያወጡ የሚወዱት ሦስት፣ አራት፣ አምስት የሚባለው ዘዴም ከዚሁ ወገን ነው። ሕጉ እውነት ነው፤ የሚያሳስተው በትንሹ ሲሠራበት ነው። በ60፣ 80 እና 100 ሴንቲ ሜትር ጥግ አውጥቶ በሰያፉ 5 ሚሊ ሜትር የሳተ ሰው፣ ያን መስመር 9 ሜትር ሲያስረዝመው 9 ሴንቲ ሜትር ይስታል። በ3፣ 4 እና 5 ሜትር ከሠራ ያው 5 ሚሊ ሜትር ስህተት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። በ9፣ 12 እና 15 ከሠራ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የእርስዎ ቤት ደግሞ ራሱ 9፣ 12፣ 15 ሆኖ ተሠርቶልዎታል፤ ትንሹን ስኳድራ ትተው ቤቱን ራሱን ይለኩበት።

ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ ችካሎቹ መነሳታቸው አይቀርም። ስለዚህ ከቁፋሮው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወጣ ብሎ ሞራሌ (የተሰነጠቀ እንጨት) ተተክሎ፣ የየመስመሩ ሲባጎ የሚታሰርበት ምስማር ይመታበት። ሁለት ሲባጎ የሚሻገሩበት ነጥብ ጥግዎ ነው፤ ከዚያ በቱንቢ ወደ ታች ያወርዱታል። ፉቲንግ (የመሠረቱ ኮንክሪት) ከመሞላቱ በፊት ዲያጎናሉን ከእነዚህ መሻገሪያዎች አንድ ጊዜ፣ የኮለን (የምሰሶ) ብረት ከቆመ በኋላ ሌላ ጊዜ ይለኩ። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ጥመት ቢገኝ ኮለኑን ወደ ጎን ስበው ለማስተካከል እንዳይሞክሩ፤ ያ የመሐንዲሱ ውሳኔ ነው።

ለፎርማኑ ሲነግሩት ሠራተኞቹ ፊት «ተሳስተሃል» አይበሉት። «ወንድሜ፣ የኋላውን አንዴ አብረን እንለካው» ይበሉና የሜትሩን አንድ ጫፍ ራስዎ ይያዙ። 11.80 ሲመጣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ለልጅዎ ደግሞ ሁለት ስንጥርና ጥቂት ክር ይበቃታል። እያንዳንዱን ስንጥር 40 ሴንቲ ሜትር አድርጋ ትቁረጥ፣ መሐሉ ላይ ምልክት ታድርግ። መሐል ለመሐል አጣምራ በክር አስራ፣ አራቱን ጫፎች በሌላ ክር ትዙር። መቀስ እንደምትከፍት ስንጥሮቹን ብትከፍትና ብትዘጋ ክሩ ሁልጊዜ ሬክታንግል ነው፤ አንዴ ቀጭን፣ አንዴ ወፍራም። በመስቀል ሲቆሙ ካሬ ይሆናል። አሁን ማሰሪያውን ሁለቱም ላይ ከአንዱ ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ታድርገው። ስንጥሮቹ እንደ በፊቱ እኩል ናቸው፣ ክሩ ግን ትራፒዚየም ሆነ፤ የእናቷ ቤት ማለት ነው። አንዱን ስንጥር ወደ 24 ሴንቲ ሜትር አሳጥራ መሐል ለመሐል ብታስር ፓራሌሎግራም፣ በመስቀል ብታቆመው ሮምበስ (አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ) ታገኛለች። የአጭሩን መሐል ከረጅሙ ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ በመስቀል ብታስረው ካይት ነው፤ አንዱ ዲያጎናል ለሁለት እኩል ተቆርጧል፣ ሌላው አልተቆረጠም። በዚህ ጨዋታ ሦስት ነገር ለየብቻ እንደሚጠየቅ ታያለች፤ ርዝመታቸው እኩል ነው ወይ፣ እኩሌታቸው ላይ ይቋረጣሉ ወይ፣ በ90 ዲግሪ ይቋረጣሉ ወይ። ፈተና ላይ የሚያሳስታት «ዲያጎናሎቹ እኩልና በ90 ዲግሪ የሚቋረጡ ከሆነ ካሬ ነው» የሚለው አረፍተ ነገር ይሆናል። ማሰሪያው መሐል ካልሆነ ካሬ አይደለም፤ 40 እና 40 የሆኑትን ስንጥሮች በመስቀል አቁማ ማሰሪያውን 15 ላይ ብታደርግ በዓይኗ ታየዋለች።

ወደ እህትዎ ግቢ ስንመጣ፣ እዚህ ላይ ጥንቃቄው ይበልጣል፤ በካሬ ሊከፈልበት ነውና። የደላላው ሒሳብ 14 በ19፣ 266 ነው። ይህ የማማከል ዘዴ ጥንታዊ ነው፤ ግብፅ ውስጥ በኤድፉ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ከ2000 ዓመት በፊት የእርሻ መሬት ስፋት በዚሁ ተሰልቶ ተቀርጾ ይገኛል። ችግሩ ሬክታንግል ላልሆነ ቦታ ሁልጊዜ ከእውነቱ አብልጦ መናገሩ ነው። አንድም ቀን ለገዢ አያዳላም።

አራት ጎን ብቻውን ስፋትን አይወስንም። አራት እንጨት በአራት ጥግ በአንድ አንድ ምስማር ቢመቱ እንደሚንጋደድ ሁሉ (የግቢ በር ላይ ሰያፍ ብረት የሚበየደውም ለዚሁ ነው)፣ የእህትዎ ግቢ አራት ጎኖችም ብዙ ዓይነት ቅርጽ ሊይዙ ይችላሉ። ከነዚህ ሁሉ ትልቁ ስፋት ስንት ነው ለሚለው የ7ኛው ክፍለ ዘመን የህንድ ሊቅ ብራህማጉፕታ የተወው ቀመር መልስ ይሰጣል። የዙሪያውን ግማሽ ይውሰዱ፤ 66 ለሁለት 33 ነው። ከ33 ላይ እያንዳንዱን ጎን ይቀንሱ፤ 18፣ 13፣ 20 እና 15። አራቱን ያባዙ፤ 70,200። ሩቱ 264.95። እነዚህ አራት ጎኖች በምንም ዓይነት ቢቆሙ ከ265 ካሬ በላይ ሊዘጉ አይችሉም። የ266 ነገር በዚሁ ያበቃል።

እውነተኛውን ለማግኘት አንድ ዲያጎናል ይለኩ። በ15 እና በ18 መካከል ካለው ጥግ ተነስተው በ20 እና በ13 መካከል ወዳለው ጥግ 27 ሜትር አገኙ እንበል። ግቢው ሁለት ሦስት ማዕዘን ሆነ። የአንደኛው ጎኖች 15፣ 20 እና 27፤ የዙሪያው ግማሽ 31፤ ሲቀነስ 16፣ 11 እና 4። 31 በ16 በ11 በ4 ሲባዛ 21,824፤ ሩቱ 147.73። የሁለተኛው 13፣ 18 እና 27፤ ግማሹ 29፤ ሲቀነስ 16፣ 11 እና 2፤ ብዜቱ 10,208፤ ሩቱ 101.03። ድምሩ 248.76 ካሬ። ከደላላው 17 ካሬ ያነሰ ነው። ዲያጎናሉ 25 ቢመጣ ደግሞ ያው አራት ጎን 262 ካሬ ይሆናል። ስለዚህ ይህን አንድ ቁጥር ሳይዙ ዋጋ አይነጋገሩ።

ሁለተኛውን ዲያጎናልም ይለኩት፤ ምስክር ነው። የመጀመሪያው እውነት 27 ከሆነ ሁለተኛው 19.41 መምጣት አለበት። በ19.41 ሁለቱን ሦስት ማዕዘኖች እንደገና ብትሠሩ ስፋቱ ያው 249 አካባቢ ይወጣል። ካልገጠመ ከጎኖቹ አንዱ ተሳስቷል፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ከአጥሩ ውስጥ፣ ሌላው ከአጥሩ ውጭ ተለክቶ ነው።

አሮጌው ቤት መሐል ላይ ቆሞ ሜትር አላሳልፍ ቢል በጥጉ ይዙሩበት። በ15 እና በ18 መካከል ካለው ጥግ በሁለቱም አጥር ላይ 3 ሜትር 3 ሜትር ለክተው ምልክት ያድርጉና በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት በሰያፍ ይለኩ። 3.50 መጣ እንበል። 3.50 በራሱ ሲባዛ 12.25፤ ከ18 ሲቀነስ 5.75፤ ለ18 ሲካፈል 0.319። ይህ 18 ቁጥሩ ከ3 ሜትሩ የመጣ ነው፣ የ3 ካሬ እጥፍ፤ የአጥሩ 18 አይደለም። ቀጥሎ የ15 ካሬና የ18 ካሬ ድምር 549፤ ከዚያ ላይ 2 በ15 በ18 በ0.319፣ ማለትም 172 ገደማ ይቀንሱ፤ 377 ይቀራል። ሩቱ 19.4፣ የተደበቀው ሁለተኛው ዲያጎናል ነው። በ3 ሜትር ላይ የ1 ሴንቲ ሜትር ስህተት በዲያጎናሉ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን፣ አጥሩ ቀጥ ያለ ከሆነ በ3 ፈንታ 6 ሜትር ይውሰዱ፤ ያን ጊዜ በ18 ፈንታ 72 ይጠቀማሉ። ያገኙትን ስፋት ካርታው ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያዩት፤ ልዩነቱ ከ2 ወይም ከ3 ካሬ ከበለጠ ቀብድ ከመሰጠቱ በፊት ቀያሽ መጥቶ የወሰን ድንጋዮቹን ይይ።